የምርምር ገንዘብ ማን ያከፋፍለው? አማራጮቹ ጎን ለጎን

ስለ ሳይንስ ፖሊሲ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው «ስንት በመቶ?» የሚል ጥያቄ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እናውላለን ካሉ ቆይተዋል። አውሮፓውያኑ በ2002 «3 በመቶ እናደርሳለን» አሉ፤ ይኸው ሃያ ዓመት አልፎም አልደረሱበትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደቡብ ኮሪያ 5 በመቶ አካባቢ ናት፤ እስራኤል ከዚያም አልፋለች።

ቁጥሩ ለመድረክ ንግግር ይመቻል። ግን ኮሪያ ውስጥ ከዚያ ገንዘብ ከአራት እጅ ሦስቱን ገደማ የሚያወጡት ኩባንያዎች ናቸው እንጂ መንግሥት አይደለም። ስለዚህ አንድ መንግሥት ተነስቶ «እኛም 5 በመቶ» ሲል በሰው ኪስ ነው ቃል የሚገባው። በራሱ እጅ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፦ የራሱን ድርሻ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ በምን መንገድ ለማን እንደሚሰጥ። በዚህ ላይ ያሉት አማራጮች ደግሞ ብዙ አይደሉም፤ አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው። ሁሉም ተሞክረዋል። ሁሉም የሚሠሩበትና የማይሠሩበት ቦታ አላቸው። ፈንድ የሚያቋቁም፣ የምርምር ቢሮ የሚመራ ወይም ረቂቅ ፖሊሲ ላይ «አስተያየት ስጥበት» የተባለ ሰው እነዚህን አይቶ ይምረጥ።

በቅድሚያ፦ የመጨረሻው ፊርማ የማን ነው?

አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት ይሄ መለየት አለበት፤ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ይዘበራረቃል።

በእንግሊዝ በ1918 በሪቻርድ ሃልዴን የተመራ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት ስም የሚጠራ መርህ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሚኒስትሩ ጠቅላላ በጀቱን ይወስን፣ የትኛው ፕሮጀክት ገንዘብ ያግኝ የሚለውን ግን ለተመራማሪዎች ይተው የሚል ነው። በ1971 የመንግሥት አማካሪው ሎርድ ሮትስቻይልድ መጡና ቢያንስ በተግባራዊ ምርምር በኩል ይሄን መርህ ገለበጡት፦ ሚኒስቴሩ ደንበኛ ነው፣ የሚፈልገውን ይዘዝ፣ ተመራማሪው ይሥራ፣ ደንበኛው ይክፈል። እንግሊዝ እስከዛሬ በሁለቱ መሃል ትወዛወዛለች።

አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ ፊት ለፊት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የመንግሥትን ሳይንሳዊ ምርምር የመራው መሐንዲስ ቫኒቫር ቡሽ በሐምሌ 1945 ለፕሬዚዳንት ትሩማን ባቀረበው ሪፖርት መንግሥት መሠረታዊ ምርምርን በቋሚነት የሚደግፍ አንድ ተቋም ያቋቁም አለ። ጥሩ። ግን ዳይሬክተሩን ማን ይሹመው? ቡሽ የፈለገው በሳይንቲስቶች የተሞላ ቦርድ እንዲሾመው ነው። ኮንግረስ በ1947 ሕጉን በዚሁ መንፈስ አጸደቀ፤ ትሩማን ውድቅ አደረገው። የሕዝብ ገንዘብ እየወሰደ ለፕሬዚዳንቱ የማይጠየቅ መሥሪያ ቤት አልፈርምም ነው ነገሩ። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የተቋቋመው በ1950 ነው፤ ዳይሬክተሩን ፕሬዚዳንቱ እንዲሾም፣ ከጎኑ ደግሞ ቦርድ እንዲቀመጥ ተስማምተው። እኔ ትሩማን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ተጠያቂ የሌለው ፈንድ ዋል አደር ብሎ የጥቂት ወዳጆች ማኅበር ይሆናል።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲኬድ ግን ሶቪየት ኅብረት አለች። የግብርና ባለሙያው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ድጋፍ በነሐሴ 1948 ጀነቲክስን፣ ማለትም የዘር ውርስ ሳይንስን፣ ከነጭራሹ አስወገዘ። ትልቁ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከዚያ ቀድሞ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። የአገሪቱ ባዮሎጂ ለማገገም ከ15 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እዚያ ጥፋት የሆነው መንግሥት «ስንዴ ላይ ሥሩ» ማለቱ አይደለም፤ ይሄማ የማንኛውም መንግሥት መብት ነው። ጥፋቱ የስንዴው ሙከራ ምን ውጤት ማምጣት እንዳለበትም መወሰኑ ነው። ረቂቅ ፖሊሲ ስታነቡ ይሄን መስመር ፈልጉት። ርዕሰ ጉዳይ የሚመርጠውና ፕሮፖዛል የሚያስመርጠው ያው አንድ ኃላፊ ከሆነ፣ የተቀረው ገጽ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

ጥቅል በጀት ለተቋም

መንግሥት ኢንስቲትዩት ያቋቁማል፣ በየዓመቱ በጀት ይለቃል፣ የውስጡን ለዳይሬክተሩ ይተዋል። የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ማኅበር ምሳሌው ነው። ከ80 በላይ ኢንስቲትዩቶች አሉት፤ መሠረታዊ በጀቱን የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎቹ እኩል ይሸፍናሉ። ዳይሬክተር ሲመርጡ ዓመት ሁለት ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ ከመረጡ በኋላ ግን ሥራውን ይተውለታል። ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ዳይሬክተሩ ጡረታ ሲወጣ ክፍሉ በራሱ አይቀጥልም። «ይሄ ዘርፍ ዛሬም ያስፈልጋል?» ተብሎ ከዜሮ ይታያል፤ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ወይ ሌላ ሰው ሌላ ርዕስ ይዞ ይገባበታል። ሌላው ዓለም ማክስ ፕላንክን ሲቀዳ ነጻነቱን ይቀዳና መዝጊያውን ይረሳዋል።

ጎረቤቱ ፍራውንሆፈር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከመንግሥት የሚያገኘው መሠረታዊ በጀት ከጠቅላላው ሢሶ ገደማ ነው፤ የቀረውን ከኩባንያ ውልና በውድድር ከሚገኝ ፕሮጀክት ለቅሞ ማምጣት አለበት። ኤምፒ3 የወጣው ከዚያ ቤት ነው። ፋብሪካና ቴክኖሎጂ ገዢ ባለበት ግሩም ይሠራል። ውል የሚሰጥ ኩባንያ በሌለበት ግን ኢንስቲትዩቱ ሥልጠናና ወርክሾፕ እየሸጠ የሚኖር ድርጅት ይሆናል።

ለታዳጊ አገር ይበልጥ የሚያስተምረው የኮሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ባጭሩ ኪስት፣ ነው። በ1966 በአሜሪካ እርዳታ ተቋቋመ። ለብቻው ሕግ ወጣለት፤ ከተራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥርና የደሞዝ ደንብ ውጪ ሆነ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቾይ ህዩንግሰፕ ውጭ የቀሩትን ኮሪያውያን ሳይንቲስቶች እየዞረ ሰበሰበ፤ የተከፈላቸው ደሞዝ የአገር ውስጥ ፕሮፌሰሮችን ያስቀና ነበር። ብዙ ጉርምርምታ አስነስቷል። ሰዎቹ ግን መጡ።

የዚህ አማራጭ በሽታ ይታወቃል፦ እርጅና። በጀቱ በየዓመቱ ወደ ደሞዝ ይሰባሰባል፣ ሠራተኛው ይበዛል፣ ማሽኑ ይቆማል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ደሞዝ፣ መብራትና ነዳጅ ከተከፈለ በኋላ ለምርምሩ ለራሱ ምን ያህል ይተርፋል? ከአሥር አንድ እጅ ካልሞላ ያ ቤት ምርምር ላይ አይደለም፤ ሰው እያስተዳደረ ነው። ረጅም ጊዜ ለሚፈልግ ሥራ ግን፣ ማለትም ለዝርያ ባንክ፣ ለአየር ንብረት መዝገብ፣ ለበሽታ ቅኝት፣ ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም። በሦስት ዓመት ግራንት፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት በሚሰጥ ገንዘብ፣ የሠላሳ ዓመት መዝገብ አይያዝም።

የውድድር ግራንት

ጥሪ ይወጣል፣ ተመራማሪው ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ አቻዎቹ ያነባሉ፣ ፓነል ተቀምጦ ነጥብ ይሰጣል። የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች ከበጀቱ 80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያወጣው ከራሱ ቤት ውጪ ላሉ ተመራማሪዎች ነው፤ በ2007 የተቋቋመው የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከሥልጣን ይልቅ ሐሳብን የመከተል ዕድል አለው፤ ስም የሌላት ወጣት ተመራማሪም በር ታገኛለች።

ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በአብዛኛውም አይቆጠርም። አውስትራሊያ ውስጥ በ2012 ለጤና ምርምር ፈንድ የቀረቡትን 3,727 ፕሮፖዛሎች ያጠኑ ሰዎች ለጽሕፈቱ ብቻ 550 የሥራ ዓመት ገደማ እንደጠፋ ገምተዋል። ከእነዚያ ውስጥ ገንዘብ ያገኘው ከአምስት አንዱ ገደማ ነው። የቀረው የአራት እጅ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ፓነል ድፍረት አይወድም። ሰባት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ የሚያልፈው ማንም ያልጠላው ሐሳብ ነው። ካታሊን ካሪኮ በ1990ዎቹ ኋላ ለኮቪድ ክትባት መሠረት ስለሆነው ስለ ኤምአርኤንኤ የጻፈቻቸው ማመልከቻዎች ደጋግመው ውድቅ ሆነውባት ከማዕረጓም ዝቅ ተደርጋለች፤ በ2023 ከድሩ ዋይዝማን ጋር ኖቤል ወሰደች። አንድ ምሳሌ ይዞ ሥርዓቱን ሁሉ መኮነን አይቻልም፣ ውድቅ ከሚደረጉት አብዛኞቹ በእርግጥም ደካማ ናቸው። ግን ከፓነል ብቻ የምትመግቡት ሳይንስ ጨዋና ፈሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ትንንሽ የምርምር ማኅበረሰብ ያለባቸውን አገሮች ይመለከታል፦ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ስሙን ሸፍነህ ብትልከው ገምጋሚው በመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደጻፈው ይለያል፤ ወይ አስተማሪው ነው፣ ወይ ተማሪው፣ ወይ የተጣላው። መፍትሔው ከውጭ አገር ገምጋሚ መጋበዝና ክፍያም ቢሆን መክፈል ነው። ከጠቅላላ ፈንዱ አንጻር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በነገራችን ላይ ዕጣ የሚባል ነገርም አለ፤ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ፓነል ውስጥ ተቀምጦ ያየ ሰው የሚያውቀው ነው፦ ከላይ ያሉት ጥቂቶች ግልጽ ናቸው፣ ከታች ያሉት ብዙዎችም ግልጽ ናቸው፣ መሃል ላይ ግን አንዱ 4.2 ሌላው 4.3 ያገኙ ክምር አለ። ያቺ የአሥርዮሽ ልዩነት የሐሳቡን ጥራት አትናገርም፤ ከሰዓት በኋላ ማን እንደደከመው ነው የምትናገረው። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት በ2013 ለደፋር ሐሳቦች በከፈተው ግራንት ብቁ የሆኑትን በዕጣ መለየት ጀመረ። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ2021፣ የእንግሊዙ ብሪቲሽ አካዳሚ በ2022 ተከተሉ። እኔ ለመሃሉ ክምር ብቻ እደግፈዋለሁ። ቢያንስ ትውውቅ አይገባበትም።

ሰው ላይ መወራረድ

እዚህ ፕሮጀክት ሳይሆን ሰው ይመረጣል። የአሜሪካው ሃዋርድ ሂውዝ የሕክምና ተቋም ለተመራማሪው ለዓመታት ገንዘብ ይሰጥና «ያዋጣኛል የምትለውን ሥራ» ይለዋል። በ2011 የወጣ ጥናት እነዚህን ተመራማሪዎች በኤንአይኤች ግራንት ከሚሠሩ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ትልልቅ ግኝቶችን በብዛት ያመጡት የሃዋርድ ሂውዞቹ ናቸው። ደስ የሚለው ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ጽሑፎችም በብዛት የወጡት ከእነሱው ነው። ሲሞክሩ ይወድቃሉ፣ ደግሞ የወደቀ ሰው አልተባረረም።

ማራኪ ነው፤ ግን ሰውን የሚመርጠው ማን ነው? ዝና ያለው ሰው ጥቂት በሆነበት ቦታ ይሄ አማራጭ ለታወቁት ሰዎች ተጨማሪ ደሞዝ ይሆናል። የምትሞክሩት ከሆነ ዶክትሬታቸውን ከጨረሱ ጥቂት ዓመት ለሆናቸው ብቻ አድርጉት።

የአርፓ ዓይነት

አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው። የሶቪየቷ ሳተላይት ስፑትኒክ በ1957 በተወነጨፈች በወራት ውስጥ፣ በ1958፣ አሜሪካ በመከላከያ ሚኒስቴሯ ሥር አርፓ የተባለውን የምርምር ኤጀንሲ አቋቋመች፤ በኋላ ዳርፓ ተባለ። አሠራሩ ፓነል የለውም። ፕሮግራም ማናጀር ይቀጠራል፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፣ ችግሩን ይመርጣል፣ ሰዎቹን ይመርጣል፣ ካልተሳካም መሃል ላይ ያቋርጣል። የኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት በ1969 ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። በ2013 ደግሞ ሞደርና ለሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ኩባንያ ለኤምአርኤንኤ ሥራ እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው እሱው ነው። አሜሪካ ራሷ በ2009 ለኢነርጂ ሌላ አርፓ ከፈተች፤ እንግሊዝ በ2023 አሪያ የተባለውን ጀመረች።

ሁሉም ስሙን ይቀዳል፤ ሥልጣኑን ግን የሚቀዳ የለም። የአርፓ ዓይነት ተቋም እናቋቁም የሚል ሐሳብ ጠረጴዛችሁ ላይ ከመጣ እነዚህን ጠይቁ። ማናጀሩ የተፈረመ ፕሮጀክት በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ ይችላል ወይስ ለኮሚቴ ያቀርባል? ውል ለመፈራረም የግዥ ሕጉ ስንት ወር ይፈጅበታል? ከግል ኩባንያ ሰው የሚያመጣ ደሞዝ አለው? ኦዲተሩ ከአሥር ፕሮጀክት ሰባቱ ሲከሽፉ ምን ይላል? ከሁሉም በላይ፣ ውጤቱን የሚገዛው ማን ነው? ዳርፓ ከጀርባው ጦር ሠራዊት አለ፤ የሠራውን የሚወስድ ገዢ አላጣም። ገዢ ከሌለ የተሠራው ናሙና ለጎብኚ እየታየ ኤግዚቢሽን ላይ ይቀራል። ለእነዚህ ግማሽ ያህሉ እንኳ መልስ ከሌለ ይቅርባችሁ።

ሽልማትና ቅድመ ግዥ

ምን እንደምትፈልጉ በትክክል ካወቃችሁ፣ ማን እንደሚፈታው ግን ካላወቃችሁ ሽልማት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 መርከብ ባሕር ላይ ሆና ኬንትሮስዋን የምታውቅበትን ዘዴ ላመጣ እስከ 20,000 ፓውንድ አቀረበ። ሁሉም የጠበቀው ከሥነ ፈለክ ሊቆች ነው፤ የመጣው ከሰዓት ሠሪው ጆን ሃሪሰን ነው። ኮሚሽነሮቹ ግን በየጊዜው አዲስ መስፈርት እየጨመሩ አጉላሉት። በ1773 ፓርላማው ራሱ ገብቶ የመጨረሻውን ክፍያ ሲሰጠው ሰውየው 80 ዓመቱ ነበር። መስፈርቱ ከመጀመሪያው ካልተቆለፈ ሽልማት ተንኮል ይሆናል።

በ2004 ዳርፓ ያለ ሾፌር በረሃ ለሚያቋርጥ መኪና 1 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከሁሉም የተሻለው መኪና የሄደው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ሽልማቱን ማንም አልወሰደም፣ ገንዘቡም አልወጣም። በዓመቱ 2 ሚሊዮን አደረጉት፤ አምስት መኪኖች መንገዱን ጨረሱ፣ የስታንፎርዱ አሸነፈ። ቅድመ ግዥ ደግሞ ክትባት ላይ ይሠራል፦ በ2009 ለጋሾች 1.5 ቢሊዮን ዶላር መድበው «ለድሃ አገሮች የሚሆን የኒሞኮካል (የሳንባ ምች መከላከያ) ክትባት ካቀረባችሁ በዚህ ዋጋ እንገዛለን» ብለው ቃል ገቡ፤ ኩባንያዎቹ አቀረቡ።

ድክመቱ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። እስክታሸንፍ ድረስ ወጪው የራስህ ነው። ቋት የሌለው ላብራቶሪ አይወዳደርም።

ምርምር ለሚሠራ ኩባንያ የግብር ቅናሽ መስጠትም አለ። የገንዘብ ሚኒስቴሮች ይወዱታል፤ ማንንም መምረጥ አይጠይቅም። ትልልቅ ኩባንያ ባለበት አገር ይሠራል። በሌለበት ደግሞ ዕድሉን የሚጠቀምበት የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ድሮ «ጥገና» ይባል የነበረው ወጪ በአንድ ሌሊት «ምርምር» ይሆናል።

ታዲያ የቱን?

የምታውቁትን ጠይቁ። መልሱ ምን እንደሚመስል ካወቃችሁ ሽልማት ወይም ውል። ችግሩን አውቃችሁ መንገዱን ካላወቃችሁ፣ ደግሞም ጎበዝ ማናጀር ካላችሁ፣ አርፓ። ጥያቄው ራሱ ገና ካልታወቀ ግራንትና ሰው። ዓመታት የሚፈልግ መዝገብ ከሆነ ተቋም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? አንድ መንገድ ብቻ ያለው አገር የዚያን መንገድ በሽታ ሙሉ በሙሉ ይወርሳል።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ግን እኔ የምጀምረው በሁለት ነው፦ ጥቂት፣ በደንብ የሚከፈልባቸው፣ መዝጊያ ያላቸው ኢንስቲትዩቶች፤ ከጎናቸው ትንንሽ ግራንቶች፣ አጭር ማመልከቻ፣ የውጭ ገምጋሚ፣ መሃሉ ላይ ዕጣ። ሌላው ይቆይ። በተለይ አርፓው ይቆይ።

ምንም ምረጡ ምን ሁለት ነገር ሁሉንም ያበላሻል። አንዱ መለኪያው ነው። የጽሑፍ ብዛት ከቆጠራችሁ ጽሑፍ ይበዛል፣ በቃ። ቻይና ለዓመታት በውጭ መጽሔት ላወጣ ተመራማሪ በጥሬ ገንዘብ ጉርሻ ስትሰጥ ቆይታ በ2020 ሚኒስቴሮቿ ራሳቸው አቁሙ አሉ። ጥራቱን በጥንቃቄ እንመዝን ብትሉም ያስከፍላል፤ የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲዎች ምርምር ምዘና በ2014 246 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2021 471 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቷል። ገምግሙ፣ ግን ግምገማው ከሚገመገመው ሥራ በላይ ሰው አያድክም።

ሁለተኛው መወላወል ነው። ደቡብ ኮሪያ እንኳ፣ ያቺ የ5 በመቶዋ፣ የያኔው ፕሬዚዳንቷ ስለ ምርምር ገንዘብ «ካርቴል»፣ ማለትም ተመሳጥሮ ስለሚካፈል ቡድን፣ ካወሩ በኋላ የ2024ን የመንግሥት የምርምር በጀት ከ31 ትሪሊዮን ወን ወደ 26.5 ትሪሊዮን ገደማ አወረደችው። በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን መለሰችው። ገንዘቡ ተመለሰ፤ በመሃል ውሉ የተቋረጠ የዶክትሬት ተማሪና ረዳት ተመራማሪ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ሌላ ሥራ ይዟል።

ስለዚህ የማቋቋሚያ ሕጉ ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ ስለ ራዕይና ተልዕኮ የሚያወራውን ገጽ እለፉትና እነዚህን ፈልጉ። የዳይሬክተሩ የሥራ ዘመን ከምርጫ ዘመን ጋር አይገጣጠም። የተፈቀደ ግራንት በበጀት ዓመት መጨረሻ ወደ ግምጃ ቤት አይመለስ። ውድቅ የተደረገ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ። ጥሪው በየዓመቱ በዚያው ወር ይውጣ፣ መልሱም በስድስት ወር ውስጥ ይሰጥ።